ኑዛዜ በጤና ዘመን፦ ቃል ብቻውን ለምን አያወርስም?

ወንድምና እህት፣ እናትና ልጅ፣ የእንጀራ እናትና የእንጀራ ልጆች ፍርድ ቤት ከሚቆሙባቸው ጉዳዮች አንዱ ውርስ ነው። የጠቡ መነሻ ሁልጊዜ ስስት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሟች ያሰቡት ሌላ፣ ሕጉ የሚቀበለው ሌላ ሆኖ ይገኛል። ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ማወቅ ቤተሰብን ከመበተን ያድናል።

በቀድሞው ዘመን ውርስ የሚዳኘው በፍትሐ ነገሥት፣ በሸሪዓና በየአገሩ ልማድ ነበር። ሕመም የጸናበት ሰው የነፍስ አባቱን፣ ሽማግሌዎችንና ዘመዶቹን በአልጋው ዙሪያ ሰብስቦ ይናዘዛል፤ የሙት ቃልም ይከበራል። በ1952 ዓ.ም የወጣውና በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ አርቃቂነት የተዘጋጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜን አልሻረም፤ ነገር ግን ጥብቅ ሥርዓት አበጀለት። ሕጉ ዛሬም ይሠራል፤ ብዙዎቻችን ግን አሁንም የምንናዘዘው በጥንቱ ልማድ ነው።

ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። የመጀመሪያው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው ወይም እየተናገረ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል። ጽሑፉ ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑ እዚያው ላይ መገለጽ፣ ሁሉም ወዲያውኑ መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። መነበቡን የሚገልጸው አንድ መስመር ከተዘነጋ ኑዛዜው ሊፈርስ ይችላል።

ሁለተኛው ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በእጁ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ ቀን አኑሮና ፈርሞ የሚተወው ነው። ምስክር አያስፈልገውም። ሆኖም በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ዓመታት ያሳለፈ ወረቀት ልጆችን የሚያስለቅሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው። ለሁለት ምስክሮች ይነገራል፤ ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቆየ ይሻራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቃል ኑዛዜ የሚጸናው ለቀብር ሥነ ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አሳዳሪነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም የተጻፈው 500 ብር ዛሬም አልተለወጠም። «ቤቴን ለእገሌ ሰጥቻለሁ» ብሎ በአልጋ ላይ የተነገረ ቃል በሕግ ፊት ቤት አያወርስም።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ቢናዘዙም ኑዛዜው ፈራሽ ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው መናዘዝ አለበት። ልጁን በግልጽ የሚነቅል ወላጅም ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ ይጠበቅበታል።

ኑዛዜ ከሌለ ደግሞ ሕጉ ራሱ ያከፋፍላል። ቀዳሚዎቹ ልጆች ናቸው፤ በጋብቻ ውስጥም ሆነ ከጋብቻ ውጭ ቢወለዱ፣ ወንድም ሆኑ ሴት፣ እኩል ይካፈላሉ። ልጅ ከሌለ ለአባትና ለእናት፣ እነሱ ከሌሉ በእነሱ ተተክተው ለወንድምና ለእህት ይተላለፋል። እዚህ ዝርዝር ውስጥ የትዳር ጓደኛ የለም። ሚስት ወይም ባል የምታገኘው ወይም የሚያገኘው ከጋራ ሀብቱ የራስን ግማሽ ድርሻ እንጂ ውርስ አይደለም። ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ዕድሜ ልካቸውን ደክመው ቤት ቢሠሩ፣ አንዳቸው ሳይናዘዙ ሲሞቱ ግማሹ ቤት ለሟች ወገን ይሄዳል። ቤቱ ከጋብቻ በፊት የተገኘ የሟች የግል ሀብት ከሆነማ ለቀሪው ምንም አይደርስም። ብዙ መበለቶች ይህን የሚሰሙት ከአርባው በኋላ ነው። ዋናው መድኃኒት ኑዛዜ ነው።

ሁለት ጉዳዮች የራሳቸው መንገድ አላቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ገበሬ የሚያወርሰው የመጠቀም መብቱን ነው፤ ማን ሊወርሰው እንደሚችልም የየክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ይወስናል። ሙስሊም ወገኖች ደግሞ ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ የውርስ ጉዳያቸውን በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ወደተቋቋሙት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች መውሰድ ይችላሉ፤ በሸሪዓ ኑዛዜ በመሠረቱ ከሀብቱ ሲሶ አያልፍም።

ውክልናም ከኑዛዜ ጋር ይምታታል። ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ እንጂ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ አይበቃም፤ ለዚህ ልዩ ሥልጣን በግልጽ መሰጠት አለበት። ሌላ ስምምነት ከሌለ ደግሞ ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ያበቃል። «ውክልና ሰጥቼዋለሁ፣ ከእኔ በኋላ እሱ ያስተካክለዋል» የሚል አባት ተስፋ ያደረገው ባዶ ወረቀት ላይ ነው። በአሜሪካም ሆነ በዐረብ አገር ሆነው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ለወንድም ወይም ለእህት ውክልና የሚልኩ ወገኖችም ይህን ማሰብ አለባቸው፦ ውክልናው በሕይወት ሳሉ ያገለግላል፤ ከሞት በኋላ የሚናገርላቸው ኑዛዜ ነው።

ወራሾችም የጊዜ ገደብ አለባቸው። ድርሻውን ሌላ ሰው እንደያዘበት ያወቀ ወራሽ በ3 ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ በይርጋ ሊታገድ ይችላል። በይሉኝታ «ሐዘኑ ይውጣልን» እያሉ ዓመታት ማሳለፍ መብትን ያሳጣል።

ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት የሚመስላቸው አሉ። ሕጉ ግን ተናዛዡ በፈለገ ጊዜ ኑዛዜውን እንዲሽርና እንዲለውጥ ይፈቅድለታል፤ የጻፈ ሰው ምንም አያጣም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በጤናዎ ሳሉ ንብረትዎንና ዕዳዎን ይመዝግቡ፤ የትዳር ጓደኛዎን በስም ጠቅሰው ያስቡ፤ ሕግ አዋቂ ያማክሩ፤ ኑዛዜዎንም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት አስመዝግበው የት እንዳለ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ። ለልጆችዎ ከሀብቱ ይልቅ የሚጠቅማቸው ሳይካሰሱ መኖራቸው ነው።