የአበበ እግር

አርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ ማለዳ። አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀኝ እግሩን ለሰፈሩ ወጌሻ ሰጥቷል። ወጌሻው ቅቤ የነካ አውራ ጣታቸውን ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ እየገፉ፣ እብጠቱ ጋ ሲደርሱ ቆም ይላሉ። ልጁ ጥርሱን ነክሷል።

«አባባ፣ ቅዳሜ ግጥሚያ አለን እኮ።»

«የዘንድሮ ቅዳሜ ነው የከርሞ?» አሉት፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ወጌሻ ከሰፈር ወጥቶ ስታዲየም ከገባ ቆየ። ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚሮጠውም ወጌሻ ነው የሚባለው። ማራቶን ላይ ግን ሯጩ ከእግሩ ጋር ብቻውን ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ፊቴ የሚመጣው ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የሮጠው አበበ ቢቂላ ነው።

አበበን የምናውቀው በሮም ባዶ እግሩ ነው። ሩጫው ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር፤ ለአዲስ ዓመት እንዲህ ያለ ስጦታ አገር ደግሞ አላገኘም። በ1957 ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ገና አምስት ሳምንት ሲሆነው ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ አዲስ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከሱ በፊት አልነበረም። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እግሬን አመመኝ ቢል ማን ከልቡ ይሰማዋል? በቀዶ ጥገና ማግስት ያሸነፈ፣ በታመመ እግርም ያሸንፋል ተብሎ ነው የሚጠበቀው።

እግሩ ግን ቀደም ብሎ ተናግሮ ነበር። በሐምሌ 1959 ስፔን፣ ዛራውዝ ላይ ጉዳት ደርሶበት ማራቶኑን አቋረጠ። ሜክሲኮ የሄደውም ሳይሻለው ነው። ከተማዋ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የሳሳው አየር ሌላውን ሲያስጨንቅ ለኛ ሰው አርዲቦ ዳር እንደ መሮጥ ነው። አየሩ ከአበበ ጋር ነበር፣ እግሩ ግን ከዳው። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ወርቁን ይዞ ገባ፤ እኛም በማሞ ደስታ የአበበን እግር ረሳነው።

አምስት ወር አልፎ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ሌሊት፣ ሸኖ አካባቢ ቮልስዋገኑ ተገለበጠች። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ተኝቶ እጆቹ ዳኑለት፤ እግሮቹ አልተመለሱም። የሩጫ ዘመኑን የቀጨው የመኪና አደጋው ነው ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከ16 ማራቶኖቹ 12ቱን ያሸነፈው ሰው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ያልጨረሰው ከመኪናዋ በፊት ነው። ሸኖ የወሰደችው መራመዱን ነው፤ ሩጫውን ግን ዛራውዝና ሜክሲኮ አስቀርተውታል።

ውድድር ግን አልተወም። በ1962 ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ ውሻ የሚጎትተው የበረዶ ጋሪ ላይ 25 ኪሎ ሜትር ነድቶ አሸነፈ። በረዶ የማያውቅ የሸዋ ልጅ! ጥቅምት 15 ቀን 1966 በ41 ዓመቱ አረፈ።

የአርዲቦው ልጅ ቅዳሜ አልተጫወተም። ሜዳው ዳር ተቀምጦ ሲሳደብ ዋለ፤ ቡድኑም 3 ለ 1 ተሸነፈ።