ርካሿ ክኒን ካንሰር ክፍል ስትገባ

በመራዊም ሆነ በቡሬ «ባክትሪም» የማያውቅ ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው የሕፃናትን የሳንባ ምች ያክሙ የነበረው በዚሁ መድኃኒት፣ በኮትሪሞክሳዞል ነው። ካንሰር ክፍል የገባችው ግን በሌላ በር ነው።

ዶክተር ዋልተር ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ1969 ሜምፊስ ወደሚገኘው የሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል ሲመጡ ግራ የሚያጋባ ሞት ገጠማቸው። የደም ካንሰር የያዛቸው ልጆች ኬሞው ሠርቶላቸው፣ ዳኑ ሲባል፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ይሞታሉ። ገዳዩ ኒሞሲስቲስ የተባለ፣ ጤነኛ ሰው ላይ እምብዛም የማይከፋ ተሕዋስ ነበር። ኬሞ የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክም ግን ሳንባ ይሞላል። መድኃኒቱ ፔንታሚዲን ነበር፤ በመተማና በሁመራ የካላ አዛር ሐኪሞች ያውቁታል። በመርፌ የሚሰጥና ኩላሊት የሚጎዳ ስለሆነ ገና ያልታመመን ልጅ ለመጠበቅ አይመችም።

ሂዩዝ ወደ አይጦች ዞሩ። ኮርቲዞን ሲሰጣቸው በዚያው ተሕዋስ ይታመማሉ፤ ኮትሪሞክሳዞል ሲጨመርላቸው ግን ዳኑ። ቀጥሎ ተራው የ160 ልጆች ሆነ፤ ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ በዕጣ ወሰዱ። ውጤቱ በ1977 ታተመ፦ አምሳያውን ከወሰዱት 80 ልጆች 17ቱ ታመሙ፤ ከሌሎቹ አንድም አልታመመም። እንዲህ ያለ ውጤት በሕክምና ብዙ አይታይም። እኔን የሚገርመኝ ግን የ1987ቱ ጥናት ነው። በሳምንት ሦስት ተከታታይ ቀን መውሰድ እንደሚበቃ አሳየ፤ ለድሃና ከሆስፒታል ለራቀ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም ጉድ አለ። ከክኒኗ ቅመሞች አንዱ ትሪሜቶፕሪም፣ ለደም ካንሰር ከሚሰጠው መርካፕቶፑሪን ጋር የተወለደው እነ ጆርጅ ሂቺንግስና ገርትሩድ ኤሊየን በሠሩበት አንድ ቤተ ሙከራ ነው። ሁለቱ በ1988 ኖቤል ሲሸለሙ፣ ኒሞሲስቲስ ፈንገስ እንጂ ሲባል እንደኖረው ጥገኛ ተሕዋስ አለመሆኑን የዘር ምርመራ ያረጋገጠው በዚያው ዓመት ነበር።

ክኒኗ ሁሉን አትከላከልም። ጄራልድ ቦዴይና ባልደረቦቹ በ1966 እንዳሳዩት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በማይክሮ ሊትር ከ500 ሲወርዱ ባክቴሪያ ይበረታል። ስለዚህ ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ካተኮሰው በቤት ክኒን ማስታገሥ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው፤ ደም ሥር ውስጥ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ይመከራል። ከመራዊ ባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከገጠሩ ቀበሌ ለሚነሣ ግን መራዊ መድረሱ ብቻ ያንን ሰዓት ሊበላ ይችላል።