ዕድሜ በመርፌ ሲጻፍ

ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ በሐርና በብረት ክር ተጠልፎ በጥቃቅን ዕንቁዎች ያጌጠ አንድ ቁራጭ ጨርቅ አለ። ጠላፊዋ ጄን ቦስቶክ ስሟንና 1598 የሚለውን ዓመት በመርፌ አኑራበታለች። ዓመት ከተጻፈባቸውና እስከ ዛሬ ከተገኙት የእንግሊዝ የጥልፍ ናሙናዎች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። በላዩ ላይ እንስሳት፣ የአበባ ሐረግና ልዩ ልዩ የጥልፍ ዓይነቶች ተደርድረዋል። ከፊደሎቹ በታች ደግሞ አሊስ ሊ የተባለች ሕፃን ኖቬምበር 23 ቀን 1596 ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እንደተወለደች የሚገልጽ ጽሑፍ ይነበባል። ጨርቁ ባለቀበት ዓመት ሕፃኗ ሁለተኛ ዓመቷን ደፍናለች።

እኛ ዘንድ የልጅ መወለጃ ቀን በቤተሰቡ ዳዊት ባዶ ገጽ ላይ በብዕር ይሰፍር እንደነበረው ሁሉ፣ ቦስቶክም የአሊስን ቀን ከነሰዓቱ በክር አስፍራዋለች። ዛሬም በብዙ አገር ሃምሳ፣ ስድሳ ወይም ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ስሙና የትውልድ ዓመቱ የተጠለፈበት ጨርቅ በፍሬም ሆኖ ይሰጠዋል። አንዳንዱም ለራሱ ይጠልፋል። ከዚህ ስጦታ ጀርባ ያለው እጅ ሥራ መስቀለኛ ጥልፍ ወይም በተለመደው አጠራሩ ክሮስ ስቲች ነው።

አሠራሩ በጣም ቀላል ነው። ጨርቁ ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ያሉት ሲሆን በየማዕዘኑ ቀዳዳ አለው። መርፌው ከሥር በግራ ታችኛው ቀዳዳ ይወጣና በቀኝ ላይኛው ይገባል፤ ግማሽ መስቀል ሆነ ማለት ነው። ቀጥሎ በቀኝ ታችኛው ወጥቶ በግራ ላይኛው ሲገባ መስቀሉ ይሞላል። ከዚህ ሌላ መሠረታዊ እንቅስቃሴ የለም። ጽጌረዳውም፣ ቤቱም፣ የሰው ፊቱም የሚገኘው ይህንኑ በሺህ ጊዜ በመደጋገምና ቀለም በመለወጥ ነው።

ቀላል ቢሆንም ሕግ አለው። ዋናው፣ የላይኛው እግር በሁሉም መስቀሎች ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያጋድል ነው። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ካጋደለ ክሩ ብርሃን የሚመልስበት አቅጣጫ ይለያያል፤ ቀለሙ አንድ ቢሆንም ጨርቁ ከሩቅ ሲያዩት የተዥጎረጎረ ይመስላል። ሁለተኛው፣ ክር በቋጠሮ አይጀመርም። ቋጠሮ በፍሬም ውስጥ ሲወጠር እንደ ጠጠር ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ጠላፊው አንድ ረጅም ነጠላ ክር ለሁለት አጥፎ ሁለቱን ጫፎች በመርፌው ዓይን ያሳልፋል፤ የታጠፈው ጫፍ ከጨርቁ ጀርባ ቀለበት ሆኖ ይቀራል፤ የመጀመሪያው ግማሽ መስቀል ሲያልቅ መርፌው በቀለበቱ ውስጥ አልፎ ይጠብቃል። ክሩ ያለ ቋጠሮ ተያዘ። መርፌውም ጫፉ ዱልዱም ነው፤ ቀዳዳው አስቀድሞ ስላለ መውጋት አያስፈልገውም።

በሐበሻ ቀሚስ ላይ የምናውቀው ጥልፍ ብዙ ጊዜ ጨርቁ ላይ የተነደፈውን መስመር ተከትሎ ይሄዳል። መስቀለኛ ጥልፍ ግን ጨርቁ ላይ ምንም አይነደፍበትም። ንድፉ የሚቀመጠው በሌላ ወረቀት ላይ፣ በካሬ በካሬ ተከፋፍሎ ነው። በወረቀቱ ላይ ያለች አንዲት ካሬ በጨርቁ ላይ አንድ መስቀል ናት። ጠላፊው ከመሐል ጀምሮ እየቆጠረ ይሄዳል፤ አንዲት ካሬ ከዘለለ ስሕተቱ ሃምሳ መስቀል አልፎ የአበባው ቅጠል ከግንዱ ሳይገጥም ሲቀር ይታወቃል። ያን ጊዜ መተርተር ነው።

እንዲህ ያሉ ንድፎች በመጽሐፍ መልክ መታተም የጀመሩት በ1520ዎቹ በጀርመን አውግስቡርግ ከተማ፣ በዮሐን ሾንስፐርገር ማተሚያ ቤት ነው። ከዚያ በፊት ሴቶች የወደዱትን ሐረግ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ጠልፈው ያስቀምጡት ነበር፤ የጥልፍ ናሙና ሥራም የመጣው ከዚህ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ የበርሊን አሳታሚዎች ካሬዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ቀለም እየቀቡ መሸጥ ጀመሩ። ሥዕል የማይችል ሰው እንኳ ቀለሙን ከወረቀቱ እያየ መጥለፍ ቻለ። ሙያው በመላው አውሮፓና በአሜሪካ የተስፋፋው በዚህ ጊዜ ነበር።

ዛሬ አብዛኛው ጀማሪ የሚገዛው ጨርቅ አይዳ ይባላል። ለገበያ ያቀረበው በ1877 በጀርመን ዚንደልፊንገን የተቋቋመው ዝቫይጋርት የተባለ ኩባንያ ነው። አይዳ ሲሸመን ክሮቹ በጥቅል በጥቅል ስለሚተላለፉ ካሬዎቹ በዓይን በግልጽ ይታያሉ። መጠኑ የሚለካው በአንድ ኢንች ውስጥ ባሉት ካሬዎች ብዛት ሲሆን ባለ 11፣ ባለ 14፣ ባለ 16ና ባለ 18 ይገኛል። በጣም የተለመደው ባለ 14ቱ ሲሆን የአንዷ ካሬ ጎን 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን መስቀሉ ያንሳል፣ ሥዕሉ ይጠራል፣ ዓይንም ይደክማል።

የክሩ ታሪክ ከጨርቁ ይረዝማል። በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው ዲ ኤም ሲ የተባለው ክር የመጣው ዛሬ የፈረንሳይ ከሆነችው ሙሉዝ ከተማ ነው። ኩባንያው በ1746 ሲቋቋም ሥራው ጨርቅ ማተም ነበር። በ1800 ዳንኤል ዶልፉስ አን ማሪ ሚግን ሲያገባ የሁለቱ ቤተሰቦች ስም ተጣምሮ የድርጅቱ መጠሪያ ሆነ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደሎች የመጡት ከዚያ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሜርሰር በ1840ዎቹ የጥጥ ክር በኮስቲክ ሶዳ ቢነከር እንደሚጠነክርና ቀለም አጥብቆ እንደሚይዝ አወቀ። በ1890 ደግሞ ሆራስ ሎው ክሩ በሚነከርበት ጊዜ ተወጥሮ ቢያዝ እንደሚያብረቀርቅ ደረሰበት። ተራው ጥጥ ሐር መሰለ፤ ሐር መግዛት የማይችለውም ሰው የሚያምር ክር አገኘ።

አንዱ የጥልፍ ክር ጥቅል 8 ሜትር ሲሆን ስድስት ነጠላ ክሮች አብረው የተገመዱበት ነው። በባለ 14 አይዳ ላይ ሁለት ነጠላ ክር ስለሚበቃ ከአንድ ጥቅል 24 ሜትር መጥለፊያ ይወጣል ማለት ነው። አንድ መስቀል ከፊትና ከጀርባ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ክር ይበላል፤ በመነሻና በመድረሻ የሚባክነው ሲቀነስ አንድ ጥቅል 1,500 መስቀል ለመጥለፍ አያንስም። ኩባንያው ያሉት 500 ያህል ቀለሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ጥቁሩ 310 ነው። 310 የሚል ንድፍ የያዘ ሰው አዲስ አበባም ይግዛው ዋሽንግተን ያንኑ ጥቁር ያገኛል።

ይህን ሁሉ ለብዙኃኑ ያስተማረችው ቴሬዝ ደ ዲልሞንት ናት። በ1846 በኦስትሪያ የተወለደችው ይህች ሴት ወደ ሙሉዝ አካባቢ ተዛውራ ከክር ኩባንያው ጋር ሠራች፤ በ1886ም የሴቶችን የእጅ ሥራ ሁሉ በአንድ ጥራዝ የሰበሰበ ትልቅ መጽሐፍ አወጣች። መጽሐፉ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ተተርጉሟል።

ወደ ዕድሜ ጉዳይ እንመለስ። በ17ኛው፣ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ የናሙና ጨርቅ ለልጃገረዶች የትምህርት ቤት ሥራ ነበር። ሕፃናቱ ፊደልና ቁጥር ይማሩበታል፤ በመጨረሻም ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውንና ዓመቱን ይጠልፉበታል። የስምንት ወይም የአሥር ዓመት ልጅ የሠራችው ይህ ጨርቅ በሳሎን ግድግዳ ላይ ዕድሜ ልኳን ይንጠለጠላል። ታዲያ ልጅቷ አድጋ አርባና ሃምሳ ስትሞላ ነገሩ ይለወጣል፤ እንግዳ ሁሉ ዓመቱን አንብቦ ዕድሜዋን መደመር ይችላልና። ለዚህም ነው ዛሬ ሰብሳቢዎች እጅ ከሚገቡት ናሙናዎች መካከል ስሙና አበባው እንዳለ ሆኖ ከዓመቱ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ብቻ ተተርትረው የተገኙባቸው ያሉት። የመርፌው ቀዳዳ ግን ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ አጉሊ መነጽር የያዘ ሰው የተደበቀውን ዓመት ያነበዋል።

ጥልፍ ከልደትና ከስም የከበደ ነገርም ጽፏል። በ1813 በእንግሊዝ ሰሴክስ የተወለደችው ኤልዛቤት ፓርከር በ1830 ገደማ በነጭ ጨርቅ ላይ በቀይ ሐር መስቀለኛ ጥልፍ ታሪኳን አሰፈረች። በልጅነቷ ሰው ቤት ተቀጥራ ስለደረሰባት በደልና ራሷን ለማጥፋት ስለመፈለጓ የሚናገረው ይህ ጽሑፍ ምንም አበባ፣ ምንም ሐረግ የለበትም። በመጨረሻም ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቆማል። የሕይወት ታሪኳን ያጠኑ ሰዎች እንዳረጋገጡት ግን ኤልዛቤት መምህርት ሆና እስከ 76 ዓመቷ ኖራለች።

ወንዶችም አሉበት። የእንግሊዝ ጦር መኮንን የነበረው ሜጀር አሌክሲስ ካዝዳግሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቀርጤስ ላይ ተማርኮ በጀርመን እስር ቤት ሳለ አንድ ጨርቅ ጠለፈ። መሐሉ ላይ ስሙ፣ የምርኮኛ ካምፑና ዲሴምበር 1941 የሚለው ቀን ይነበባል። ዙሪያውን ያጠሩት ነጥቦችና ሰረዞች ግን ለጌጥ አልነበሩም። የሞርስ ምልክቶች ናቸው፤ አንደኛው መስመር ለእንግሊዝ ንጉሥ ይጸልያል፣ ሌላው ሂትለርን በጸያፍ ቃል ይሰድባል። ጀርመኖቹ ምስጢሩን ሳያውቁ ሥራውን በየካምፑ ለትርኢት አቅርበውታል።

በፍልስጤም ደግሞ መስቀለኛ ጥልፍ የሚለበስ ነው። የገጠር ሴቶች በቀሚሳቸው ደረትና ጎን ላይ በሐር ክር የሚጠልፉት ንድፍ የመጡበትን አካባቢ፣ አንዳንዴም ያገቡ መሆን አለመሆናቸውን ይናገራል። ዩኔስኮ ይህን ሙያ በ2021 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ መዝግቦታል። የኢትዮጵያ ጥልፍ ከመስቀለኛው በዘዴ ቢለይም የጄን ቦስቶክን ጨርቅ በያዘው በዚያው ሙዚየም ውስጥ ከመቅደላ የተወሰደ የአገራችን ሥራ አለ፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ። በ2018 እ.ኤ.አ. የመቅደላ ጦርነት 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ለሕዝብ ታይቷል።

ለትልቅ ልደት የሚሆን ሥራ ማቀድ የሚጀምረው በሂሳብ ነው። 60 የሚለውን ቁጥር በአበባ ከቦ 60 በ60 ካሬ ላይ ለመሥራት 3,600 መስቀል ያስፈልጋል። በባለ 14 አይዳ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ጎን ይኖረዋል። በሰዓት 100 መስቀል የሚጠልፍ ሰው በ36 ሰዓት ይጨርሰዋል።

ትዕግሥት ያለው ደግሞ ለኖረው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስቀል መጥለፍ ይችላል። ስድሳ ዓመት 21,915 ቀን ነው። 148 በ148 ካሬ 21,904 መስቀል ይይዛል፤ 11 ቀን ብቻ ይተርፋል፤ እሱም ከታች ለፊርማ መስመር ይሆናል። በባለ 14 አይዳ ላይ የዚህ ካሬ ጎን 27 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ለየአሥር ዓመቱ አንድ ቀለም ቢመረጥ እያንዳንዱ ቀለም 25 ረድፍ ያህል ይይዛል፣ ሦስት ሦስት ጥቅል ክርም ይበቃዋል። በየማታው አንድ ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው ሥራው ከሰባት ወር በላይ ስለሚፈጅ የልደቱ ዕለት ሳይሆን የቀደመው ዓመት ላይ መጀመር አለበት። ሲያልቅ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ ገጹ ወደ ታች ሆኖ በወፍራም ፎጣ ላይ ይተኮሳል። ፎጣው መስቀሎቹ እንዳይደፈጠጡ ይጠብቃቸዋል።

በግዕዝ ቁጥር ለሚጠልፍ ሰው አንድ ጥሩ ነገር አለ። ሙሉ አሥሮቹ፣ ፶ም ሆነ ፷ ወይም ፹፣ እያንዳንዳቸው አንድ ምልክት ብቻ ናቸው፤ ከላይና ከታች ያለው ሰረዝም በካሬ ጨርቅ ላይ ሳይጎረብጥ ይወጣል። በ1958 ዓ.ም. የተወለደ ሰው የትውልድ ዓመቱን ፲፱፻፶፰ ብሎ በአምስት ምልክት ያሰፍራል። ለእያንዳንዱ ምልክት 9 ካሬ፣ በመካከላቸው 2 ካሬ ክፍተት ቢሰጥ ጠቅላላው 53 ካሬ፣ በባለ 14 አይዳ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የታተመ ንድፍ ካልተገኘ የተማሪ የሂሳብ ደብተር ላይ ካሬዎቹን በእርሳስ እየሞሉ መሥራት ይቻላል። የሚያስቸግረው የምልክቶቹ ክብ ክፍል ነው፤ በካሬ ሲሠራ እንደ ደረጃ ይሰበራል። ደረጃውን ለመቀነስ ወይ ባለ 18 አይዳ መምረጥ፣ ወይ ደግሞ መስቀሎቹ ካለቁ በኋላ ጠርዙን በአንድ ነጠላ ክር በቀጭኑ መክበብ ያስፈልጋል።