ወይባ ልትገቡ ስትሉ የጸጉራችሁን ነገር አደራ

ሰርግ ሲቃረብ በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች የሚበዛው ይሄ ነው፦ «ወይባ ልገባ ነው፤ ሹሩባውን አስቀድሜ ልሠራ ወይስ በኋላ?» መልሱ አጭር ነው፤ በኋላ። ምክንያቱ ግን ዘርዘር ማለት ይፈልጋል። ምክንያቱን ያላወቀች ሙሽራ ሚዜዎቿ ሲያጣድፏት እሺ ብላ ትገባለች፤ ከዚያ የሰርጓን ቀን ጢስ ጢስ የሚል ጉንጉን ይዛ ትውላለች።

ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ነው፤ ወይባ ቤት የምሠራው ደግሞ ደብረ ብርሃን። መሐል ሜዳን የምታውቁ ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ወይባ እዚያ አይበቅልም። የቆላ ዛፍ ስለሆነ ለደገኛው የሚደርሰው እንጨቱ ተፈልጦ በገበያ ነው። በሱዳንም ሙሽሮች ዱኻን በሚባለው ጢስ ይኸንኑ ዛፍ ይጠቀማሉ። አሠራሩም ይመሳሰላል። ጉድጓድ ወይም ሸክላ ላይ ፍም ይደረጋል፤ እንጨቱ ነበልባል ሳያወጣ ይጨሳል፤ ሴቲቱ መሐሉ ክፍት በሆነ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከአንገቷ በታች ትሸፈናለች። ላቧ ይወርዳል፤ ገላዋ ይለሰልሳል፤ ስትወጣ ቆዳዋ ያንን የምንወደውን ቢጫ ቡናማ መልክ ይዟል።

አሁን ወደ ጸጉሩ ልምጣ። የላይኛው የቆዳችን ሽፋንም ጸጉራችንም በዋናነት የተሠሩት ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ቆዳን የሚያቀልም ነገር ጸጉርንም ሊያቀልም የሚችለው ለዚህ ነው። ልዩነቱ ቆዳ መታደሱ ነው፤ የላይኛው ሽፋን በየቀኑ እየረገፈ ይሄዳል፣ መልኩም አብሮት ይሄዳል። ከራስ ቅል የወጣ ጸጉር ግን አይታደስም። ጢሱ ያስያዘው ቢጫነት በእጥበት ካልለቀቀ ጸጉሩ አድጎ እስኪቆረጥ ድረስ አብሮ ይኖራል። ጥቁር ጸጉር ላይ አይታይም። ሽበት ላይ፣ በቀለም የነጣ ጸጉር ላይ፣ ብሎንድ ሂውማን ሄር ላይ ግን ወዲያው ይታያል።

ውጭ አገር ሳሎን የምትሠሩ እህቶች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ስፕሬይ ታን ላይ ያለው ጉዳይ እኮ ያው ነው። እዚያ ቆዳውን የሚያጠይመው ዳይሃይድሮክሲአሴቶን የሚባል ከስኳር ወገን የሆነ ውህድ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲንሲናቲ ኢቫ ዊትገንስታይን የተባሉ ተመራማሪ ውህዱን ለታመሙ ሕፃናት በአፍ ሲሰጡ፣ የተንጠባጠበበት ቆዳ ሲጠይም ልብሱ ግን ምንም አለመሆኑን አስተዋሉ። ውህዱ ከፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ነው ቀለም የሚሰጠው። የቆዳው መልክ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይለቃል። ነጭ ወይም የነጣ ጸጉር ላይ ሲያርፍ ግን ሊያቀልመው ይችላል፤ ባለሙያዎቹ መርጫውን ከማንሳታቸው በፊት ለደንበኛዋ ቆብ የሚያጠልቁላት ለዚህ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ውህዱን ሲፈቅድ ከላይ ለሚቀባ ብቻ ነው፤ ወደ ዓይን፣ ወደ ከንፈርና ወደ ሳንባ እንዳይገባ ያስጠነቅቃል። ማሽን ይዘው የሚሠሩት እንዲህ ከተጠነቀቁ፣ እኛ ፍም ላይ የምናስቀምጥ የበለጠ መጠንቀቅ አለብን።

እኛ ዘንድ ትልቁ ክርክር ጸጉር ላይ በሚቀባው ቅቤ ነው። ከግሼ ልጃቸውን ሊድሩ የመጡ እናት ነበሩ፤ ሙሽራዋ ስትገባ እሳቸውም ሊገቡ ፈለጉ። ጥቁር ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው አስረዋል፤ በጆሮ ግንዳቸው በኩል ሽበታቸው ብቅ ብሏል። «እማማ፣ ሻሽዎን ይፍቱልኝ፤ ጸጉርዎን ልየው» አልኳቸው።

«ቅቤ ተቀብቻለሁ ልጄ። እናቶቻችንም የሚገቡት እንዲህ ነው፤ ቅቤው ይጠብቀዋል።»

«የወተቱን ዕቃ በወይራ ሲያጥኑት፣ ሽታው የት ነው የሚቀረው?»

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝና «ቅቤው ላይ ነዋ» አሉ። ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሻሹን ፈቱ፤ ራሳቸውን አጥበን በካስክ አደረቅንላቸው፤ ከሰዓት በኋላ ገቡ። ሽበታቸው እንደ ነጣ ወጣ።

ቅባት ጢስን ይስባል፤ ይዞም ያቆያል። በዚያ ላይ ሙቀቱ ቅቤውን አቅልጦ በግንባርና በማጅራት ያወርደዋል፤ ጢሱ እዚያ ቦታ ላይ ዥንጉርጉር መስመር ይሠራል። ቅቤን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ ለጋ ቅቤ ለደረቀ ጸጉር የሚሰጠውን ልስላሴ እኔም እወደዋለሁ። ጊዜው ግን ከወይባው በኋላ ነው። ፌስታሉንም ተዉት። ቅቤ ተቀብቶ ፌስታል አጥልቆ ጢስ ላይ መቀመጥ በብዙ ቤት አያለሁ፤ ፌስታሉ ላቡን አምቆ ጸጉሩን ያረጥበዋል። እርጥብ ጸጉር ደግሞ ከደረቁ ይልቅ ደካማ ነው፤ ይለጠጣል፣ ሲያበጥሩት ይበጠሳል። ፌስታሉ ወደ ፍሙ ቢወድቅ ደግሞ ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ጸጉሩ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይመጣል። ወደ ላይ ተሰብስቦ አናት ላይ ይጠቀለላል እንጂ ወደ ኋላ አይለቀቅም። መጀመሪያ የታጠበ የጥጥ ሻሽ ከግንባሩ የጸጉር መስመር እስከ ማጅራት ድረስ ይታሰራል፤ ማጅራት ላይ ያለችው ለስላሳ ጸጉር መሸፈኗን በጣቴ ዳስሼ አያለሁ፤ ጢሱ አፈትልኮ የሚወጣው በአንገት በኩል ነውና መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። በሻሹ ላይ እጥፍ ነጠላ ይደረባል። ሻሹ ለእያንዳንዷ ደንበኛ የተለየ መሆን አለበት፤ የራስ ቆዳ ፈንገስ በሻሽና በማበጠሪያ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል።

ብሬድ ወይም ዊግ ላላችሁ ነገሩ ይከብዳል። አርቴፊሻል ብሬድ ፕላስቲክ ነው። ሠሪዋ ጫፉን በፈላ ውሃ ነክራ ስታስተካክልላችሁ አይታችኋል፤ በሙቅ ውሃ ቅርጹን የሚቀይር ነገር ፍም አጠገብ ምን እንደሚሆን አስቡት። ወገብ የሚደርስ ብሬድ በተሸፈናችሁበት ልብስ ውስጥ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ወደ ፍሙ ሲጠጋ አይታያችሁም፤ የምታስገባችሁ ሴትም አታየውም። ከልብሱ ውጭ አውጥቶ አናት ላይ ማሰር ግዴታ ነው። ዊግ ከሆነ ይወልቅ።

ስለ መሸፈኛው አንድ ነገር ልጨምር፤ ጸጉሩ የሚጠበቀው በእሱም ነው። ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራውን ባና የሚያህል አላገኘሁም። እናቶች የፈተሉት፣ ሸማኔ የሠራው ባና ከባድ ነው፤ አንገት ላይ ሲጠቀለል ጢሱን አፍኖ ይይዛል። ሱፍ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ የእሳት ፍንጣሪ ቢያርፍበት ይጠቁራል፣ ከዚያ ይጠፋል። ያ በየሱቁ የሚሸጠው ለስላሳው የፖሊስተር ብርድ ልብስ ግን ይቀልጣል። ቆንጆ አበባ ስላለበት ብቻ እሱን የሚያለብሷችሁ ቤት ካለ ባናችሁን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።

ራስ ከልብሱ ውጭ የሚሆነው ለጸጉር ብቻ ሲባል አይደለም። ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል። መስኮት ይከፈት። ራስ ምታት ወይም ማዞር ከጀመራችሁ «ትንሽ ልታገስ» አትበሉ፤ ወዲያው ውጡ፣ አየር አግኙ። ነፍሰ ጡሮችና አስም ያለባችሁ ፈጽሞ አትግቡ።

ከወጣችሁ በኋላ ሻሹን ጢስ ቤቱ ውስጥ አትፍቱት፤ ከቤት ውጭ ፍቱና ጸጉሩን አናፍሱት። በዚያው ቀን አትታጠቡት፤ ከራስ የሚወርደው ሳሙናና ውሃ የአንገትና የትከሻን መልክ እየጠራረገ ይወስደዋል። ሰርጉ እሑድ ከሆነ ሐሙስ ጸጉር ታጠቡ፣ ዓርብ ወይባ ግቡ፣ ቅዳሜ ሹሩባችሁን ተሠሩ። ሽበት ላይ ቢጫነት ከታየ በማግስቱ በሻምፖ ደጋግሞ ማጠብ ነው፤ በረኪና የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እንዳትሰሟቸው፤ ጸጉሩንም የራስ ቆዳውንም ያቃጥላል።

ወይባ ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ ደንበኛችሁ ስትመጣ ፍሙን ከማቀጣጠላችሁ በፊት ሻሿን አስፈትታችሁ ጸጉሯን እዩ፤ ቀለም ተቀብታ እንደሆነ፣ ብሬዱ የራሷ ጸጉር መሆን አለመሆኑን ጠይቋት። ሚዜዎችም ይህን ለሙሽራችሁ አድርሱልኝ። ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የጸጉራችሁን ፎቶ ከላካችሁልኝ ደግሞ አይቼ እመልስላችኋለሁ።