አያት የሚፈለገው በየትኛው ስሙ ነው?

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን እስኪሽር ድረስ፣ በሰሜን ሸዋ ገጠር የዘር ሐረግን ማወቅ የመሬት ጉዳይ ነበር። ከአቅኚው አባት መወለዱን ቆጥሮ ያላስረዳ ድርሻውን ሊያጣ ይችል ነበርና አዛውንቱ ትውልድ በቃላቸው ይዘው ኖረዋል። ዛሬ ሐረጉን የሚፈልግ ሰው ወደ መዝገብ ቢሄድም፣ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በፊት ላለው የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ ይረዳል። ይሁን እንጂ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ የሚሰጣቸው ስም ቤተሰብ ካወጣው የዓለም ስም ይለያል። በወንጌል ባዶ ገጽ ላይ የሰፈረ የርስት ወይም የስጦታ ማስታወሻ የትኛውን ስም እንደያዘ አስቀድሞ አይታወቅም። የፈረስ ስም ሲጨመርበት ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ሣህለ ማርያምም፣ አባ ዳኘውም ተብለዋል። የንጉሥን ስም ሁሉም ያውቀዋል፤ የገበሬን አያት ግን ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚመሰክሩለት ዘመዶቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ወደ ደብሩ ከመሄድ በፊት ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አረጋውያንን ጠይቆ የዓለሙን፣ የክርስትናውንና የክርስትና አባቱን ስም አብሮ መጻፍ ይገባል።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር የደረሱት ሚስዮናዊው ክራፕፍና እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ የጻፏቸው የጉዞ መጻሕፍትም የሰውና የቦታ ስም ይዘዋል፤ በአብዛኛው የቤተ መንግሥት ሰዎችን። ስሞቹ እንደተሰሙ በላቲን ፊደል በመጻፋቸው «ቀ»ና «ከ»፣ «ጠ»ና «ተ» ሊምታቱ ይችላሉ። ዓመቱም ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ይቀነስለታል።