ቤታ፦ ሳያልቅ እጃችን የሚገባው አይኦኤስ

አፕል በየዓመቱ በጁን ወር አዲሱን የአይፎን ሥርዓተ ክወና፣ አይኦኤስን፣ ያስተዋውቃል። ያለቀለት ስሪት የሚወጣው ግን በሴፕቴምበር ነው። በመሃል ባሉት ወራት ገና እየተሠራ ያለውን በየጊዜው ይለቃል፤ ቤታ የሚባለው ይህ ነው። ድሮ አፕሊኬሽን ለሚሠሩ ባለሙያዎች ብቻ ይሰጥ ነበር። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ በነፃ ይጭነዋል።

የኩባንያው መሐንዲሶች የቱንም ያህል ቢፈትሹ፣ ሰው በየስልኩና በየኔትወርኩ የሚገጥመውን ሁሉ ቀድመው ሊያዩት አይችሉም። ስለዚህ ቤታ የጫነ ሰው ሞካሪ ሆኗል ማለት ነው። ባትሪው ቶሎ ሲያልቅ፣ ስልኩ ሲግል፣ የባንክ አፕሊኬሽኑ አልከፈት ሲል ጽፎ እንዲያሳውቅ ይጠበቅበታል።

የ2018ቱን አይኦኤስ 12 እንይ። ዋና ዓላማው አሮጌ አይፎኖችን ሳይቀር ማፍጠን ነበር። ኦገስት 13 የወጣው ሰባተኛው ቤታ ግን ስልኩን አንቀራፈፈው፤ አፕሊኬሽን ነክቶ እስኪከፈት መጠበቅ ግድ ሆነ። አፕል በዚያው ዕለት ማሰራጨቱን አቁሞ ከሁለት ቀን በኋላ ስምንተኛውን አወጣ። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ስልኩ በተከፈተ ቁጥር አዲስ አፕዴት ወጥቷልና ጫን የሚል መልእክት ብቅ ይላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ሲያዩ የሚጫን ነገር የለም። መልእክቱን ያጠፉታል፤ ስልኩ ተቆልፎ ሲከፈት እንደገና ይመጣል። ኦገስት 31 ሌላ ቤታ ወጥቶ ገላገላቸው።

እንዲህ ያለው እንከን ያበሳጫል፣ ግን ያልፋል። እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝ መውጫው ነው። ለመግባት ዛሬ ለተመዘገበ ሰው ሴቲንግ ውስጥ አንድ ምርጫ መንካት ይበቃል። ያለቀለት ስሪት ሳይወጣ ወደ ቀድሞው ልመለስ ያለ ሰው ግን ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ጠቅላላ ማጥፋት አለበት። ቤታው ላይ ሳለ የያዘው ባክአፕ ደግሞ በቀድሞው ስሪት ላይ አይመለስለትም። አስቀድሞ ኮምፒውተር ላይ ባክአፕ ይዞ ለብቻው ካላስቀመጠ ብዙ ነገር ያጣል። የጉግል ፒክስል ስልኮችም በአንድሮይድ ቤታ መሃል አቋርጠው ሲወጡ ይደመሰሳሉ። ቴሌብሩም፣ የባንክ ሒሳቡም፣ የልጆቹ ፎቶም በአንዲት ስልክ ላይ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማስጠንቀቂያው ከመጫኛው ምርጫ ጎን በትልቁ ሊጻፍ ይገባል እላለሁ።

የሞካሪው ጥቆማ ሰሚ ማግኘቱ ሌላው ጉዳይ ነው። አፕል በዚያው በአይኦኤስ 12 ሰባተኛ ቤታ ላይ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በቪዲዮ የሚነጋገሩበትን የቡድን ፌስታይምን አንሥቶ ለሌላ ጊዜ አስተላለፈው፤ ኦክቶበር 30 ከአይኦኤስ 12.1 ጋር ወጣ። ያ ሁሉ ተቆይቶም እንከን አልፎ ነበር፦ የተደወለለት ሰው ስልኩን ሳያነሣ ደዋዩ ድምፁን መስማት ይችል ነበር። ይህን ያገኘው የ14 ዓመት የአሪዞና ልጅ ነው። እናቱ ለአፕል ለማሳወቅ ደጋግማ ብትሞክርም ቀናት አለፉ። ጃንዋሪ 28 ቀን 2019 ወሬው አደባባይ ሲወጣ አፕል አገልግሎቱን ዘጋው፤ ፌብሩዋሪ 7 በአይኦኤስ 12.1.4 አስተካከለው። ይቅርታ ጠይቆም ጥቆማ የሚቀበልበትንና ለሚመለከተው የሚያደርስበትን አሠራር ለማሻሻል ቃል ገባ። የልጁም ስም እንከኑን ካገኙት ጋር በአፕዴቱ መግለጫ ላይ ሰፈረ።