የጓያ አበሳሰልና የእግር ሽባነት

ከአጅባር በስተሰሜን፣ ከበሽሎ ሸለቆ ማዶ ያለው የደላንታ ደጋ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣው በአንድ ሰብል ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 በአካባቢው የደረሰው ድርቅ ሌላውን እህል ሲያጠፋ ጓያ ቀረ። ጓያ በዋልካ አፈር ላይ፣ በክረምቱ መውጫ፣ አፈሩ በያዘው ርጥበት ብቻ የሚበቅል፣ ብዙ ድካም የማይጠይቅና ድርቅን የሚችል ሰብል ነው። ሕዝቡ ሌላ ምርጫ አልነበረውምና ጓያን ለብዙ ወራት ዋና ምግቡ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1997 በደላንታ ዳውንት የጓያ ሽባነት፣ በሕክምና ስሙ ኒውሮላቲሪዝም፣ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎችን ለአካል ጉዳት ዳረገ።

ወረርሽኙን ያጠኑት ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት፣ የቤልጂጉ ተመራማሪ ፈርናንድ ላምባይንና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ዘገባ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው መጽሔት ታትሟል። በቀጣዮቹ ዓመታት ጥናቱ ወደ ማእድ ቤት ገባ። የታመሙትንና ያልታመሙትን ሰዎች በማነጻጸር የተጠየቀው ጥያቄ ጓያ ተበልቷል ወይስ አልተበላም የሚል ብቻ አልነበረም፤ ሁለቱም ወገኖች በልተዋልና። የተጠየቀው በምን መልክ ተዘጋጅቶ እንደተበላ ነው።

መልሱ ለጤና ባለሙያ ትልቅ ዋጋ አለው። በንፍሮ፣ በቆሎና በጥሬ እሸት መልክ ጓያን የበሉ ሰዎች ለሽባነት ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። ቦክቶ የተጋገረ እንጀራ፣ ቂጣና ወጥ ግን ከዚህ አደጋ ጋር እንዲህ ያለ ዝምድና አልታየባቸውም። ከዚህም በላይ፣ የጓያው ዱቄት ከሌላ እህል ጋር ሲደባለቅና የሌላው እህል ድርሻ ከሲሶ በላይ ሲሆን፣ እንዲሁም ምግቡ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከመሳሰሉት ማጣፈጫዎች ጋር ሲበላ አደጋው ቀንሶ ታይቷል። «ጓያ አትብሉ» የሚለው የተለመደ ምክር በድርቅ ዓመት ሰሚ የለውም፤ ሌላ የሚበላ የሌለው ሰው ምክሩን ቢሰማም ሊፈጽመው አይችልም። «እንዲህ አድርጋችሁ ብሉት» የሚለው ግን ሊፈጸም ይችላል።

ምክንያቱን ለመረዳት የመርዙን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በጓያ ፍሬ ውስጥ ቤታ ኦዳፕ የሚባል፣ ከፕሮቲን ውጭ ያለ አሚኖ አሲድ አለ። ይህ ንጥረ ነገር በነርቭ ሴሎች ላይ ያሉትን የግሉታሜት መቀበያዎች ከመጠን በላይ በመቀስቀስ የላይኛውን የእንቅስቃሴ ነርቭ መሥመር ይጎዳል። በውኃ በቀላሉ ይሟሟል፤ ሙቀት ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ረዥም ጊዜ ሲፈላ ከፊሉ መርዛማነቱ ዝቅ ወዳለው አልፋ ኦዳፕ ይለወጣል፣ የቀረው እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ መርዙን ከምግቡ የሚያወጣው በዋናነት እሳቱ ሳይሆን የሚደፋው ውኃ ነው። ጓያው በጥቂት ውኃ ተቀቅሎ ውኃው በድስቱ ውስጥ ሲመጥ፣ የሟሟው መርዝ ተመልሶ ከንፍሮው ጋር ይቀራል። በምጣድ ሲቆላ ደግሞ ምንም የሚደፋ ነገር የለም።

ሌላው ጉዳይ ጓያ ራሱ የሚጎድለው ነው። እንደ ሌሎቹ ጥራጥሬዎች ሁሉ ሜቲዮኒንና ሲስቲን የተባሉት ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች አነስተኛ ናቸው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ማሽላ ግን በአንጻሩ የተሻለ ይዘዋል። ሰውነት ነርቭን ከኦክሲዴሽን ጉዳት የሚከላከልበትን ግሉታታዮን ለመሥራት እነዚህን አሚኖ አሲዶች ይፈልጋል። የእህል ቅልቅል መርዙን ከማሳነስ አልፎ መከላከያውን የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው። ንፍሮና ቆሎ አብዛኛውን ጊዜ ብቻቸውን፣ በእፍኝ እየተዘገኑ የሚበሉ መሆናቸውም ሳይረሳ።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚቻለው እንግዲህ ውስብስብ አይደለም። ጓያው ከታጠበ በኋላ በብዙ ውኃ ተዘፍዝፎ ማደር፣ ጠዋት ውኃው ተደፍቶ እንደገና መታጠብ፣ ከዚያም በአዲስ ብዙ ውኃ ተቀቅሎ ያም ውኃ መደፋት አለበት። ለዱቄት የሚፈለገው ፍሬ ተዘፍዝፎ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ ሊፈጭ ይችላል። ዘዴው ጉድለት አለው። ከመርዙ ጋር በውኃ የሚሟሙ ቫይታሚኖችም ይወጣሉ። በምግብ እጥረት ወቅት ይህ ቀላል ኪሳራ ባይሆንም፣ ሊመለስ ከማይችል ሽባነት ጋር ሲመዘን መከፈል ያለበት ነው። በተንታ፣ በለጋምቦ ወይም በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ይህን የሚመክር ባለሙያ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል፦ ውኃው ከየት ይመጣል? ድርቅ ጓያን ዋና ምግብ የሚያደርገው ምንጩም በሚጎድልበት ጊዜ ነው። አንዲት እናት ከገደል ሥር በእንስራ ተሸክማ ያመጣችውን ውኃ ሁለት ጊዜ ድፊ ማለት ቀላል ምክር አይደለም። የመዘፍዘፊያው ውኃ ለልብስና ለቤት ማጽጃ ሊውል እንደሚችል ማሳየት ምክሩን ተቀባይነት ያስገኝለታል። ውኃ ፈጽሞ ከሌለ ደግሞ ቅልቅሉ መቅደም አለበት፤ የእርዳታ ስንዴ ከደረሰ ለብቻው ተበልቶ ከሚያልቅ ከጓያው ጋር ተፈጭቶ ለብዙ ሳምንት ቢቆይ ይሻላል።

በዚያው በደላንታ በተደረገ ጥናት ምግባቸውን በሸክላ ድስት ብቻ የሚያበስሉ ቤተሰቦች ይበልጥ ተጎድተው ተገኝተዋል። ይህን ከድስቱ ጭቃ ጋር ከማያያዝ በፊት ብረት ድስት መግዛት የማይችል ቤት እህል መግዛትም የማይችል መሆኑን ማሰብ ይገባል። ሸክላውን ስበሩ የሚል ትምህርት አያስፈልግም።

ይበልጥ የሚያሳስበው ስለ እንፋሎቱ ያለው እምነት ነው። ጓያ በሚበላበት አካባቢ ብዙ ሰው በሽታው የሚይዘው ጓያ ሲቀቀል በሚወጣው እንፋሎት ወይም ገለባውን በመርገጥ ነው ብሎ ያምናል። በዚህ እምነት የምትመራ እናት ልጆቿን ከምድጃው ታርቃለች፣ ንፍሮውን ግን በሳሕን ሙሉ ታቀርብላቸዋለች። እምነቱን በመሳቅ ማጣጣል አይጠቅምም። ጥንቃቄው ትክክል፣ አቅጣጫው ግን የተሳሳተ መሆኑን ማስረዳት፣ «መርዙ ያለው በእንፋሎቱ ሳይሆን በውኃው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ውኃውን ድፉት» ብሎ ያንኑ ጥንቃቄ ወደ ድስቱ መመለስ የተሻለ ነው።

ልዩ ትኩረት የሚያሻቸው ወንዶች ልጆችና ወጣቶች ናቸው። በሽታው በብዛት የሚያጠቃው እነዚህን ነው። እረኛ ልጅ ከብት ሲጠብቅ ውሎ የሚበላው እሸት በእናቱ እጅ ያልገባ፣ ያልተዘፈዘፈና ያልተቀላቀለ ነው። ስለዚህ የማእድ ቤቱ ትምህርት ብቻውን አይበቃውም፤ ለልጁ ለራሱ፣ በትምህርት ቤትም ሆነ በመስክ፣ መነገር አለበት።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ጠዋት ሲነሣ እግሩ እንደከበደው፣ ባቱ እንደሚኮማተርና ጉልበቱ እንደሚከዳው ነው። አንዳንዱ ከከባድ የጉልበት ሥራ ወይም ከትኩሳት በኋላ በድንገት ይጀምረዋል። በምርመራ የሁለቱም እግሮች ጡንቻ ግትርነት፣ የበረታ የጉልበት ሪፍሌክስና ወደ ላይ የሚነሣ የእግር አውራ ጣት ይታያል። የስሜት ማጣት ግን የለም፣ የሽንትና የሰገራ ቁጥጥርም ባብዛኛው አይታወክም። በአንጻሩ የስሜት ማጣት ድንበር፣ የጀርባ አጥንት ሕመም ወይም እብጠት፣ የሽንት መታገድ ካለ ጓያን ተወንጃይ አድርጎ መተው አደገኛ ነው፤ የአከርካሪ ቲቢ ወይም ሌላ ኅብለ ሰረሰርን የሚጫን ሕመም ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መላክ ይገባዋል።

ሽባነቱን የሚመልስ መድኃኒት የለም። ጓያን ማቆም ጉዳቱ እንዳይብስ ይረዳል፤ የጡንቻ ማላሊያ መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒና ምርኩዝ ኑሮን ያቀልላሉ። የበሽታው ደረጃ የሚለካውም በምርኩዝ ነው፦ ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በአንድ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ፣ በመጨረሻም የሚድህ።

አንድ ሰው በዚህ በሽታ ከታወቀ የካርዱ ታሪክ በእርሱ መዘጋት የለበትም። በቤቱ ያሉት ሌሎች ከዚያው ድስት ይበላሉና፣ ምን ያህል ጓያ በጎተራ እንደቀረ፣ በምን መልክ እየተበላ እንደሆነና እግሩን የከበደው ሌላ ሰው መኖሩን በቀጣዩ ሳምንት ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።